ነፋስ የማይጮህበት ብረት

ዘይነዲን ግራ ጆሮውን የተወው ሲናና፣ ስንዴ ማሳ ላይ ነው። ሲናገረው ጃንጥላውን ሻይ ቤት ረስቶ እንደወጣ ሰው ነው፤ ያለ ምሬት። ሃያ ዓመት ያህል ኮምባይነር ላይ ተቀምጦ የባሌን ስንዴ አጭዷል። በመንግሥት እርሻ ጊዜ ቅባት ቀቢ ሆኖ ገባ፤ ቆይቶ መሪ ጨበጠ። መንግሥት ተለወጠ፣ እርሻው ተከፋፈለ፣ ማሽኖቹ ለነጋዴ ተሸጡ፤ እሱ ግን ከሚነዳት ቀይ ኮምባይነር አልወረደም። ከባለቤት ወደ ባለቤት አብሯት ተሸጋገረ።

የድሮዎቹ ኮምባይነሮች ጋቢና የላቸውም። ሾፌሩ እንደ ሙሽራ ከፍ ብሎ፣ ለፀሐይና ለገለባ ተሰጥቶ ይቀመጣል። ሞተሩ ከግራ ትከሻው ሥር ያጓራል፤ ከፊቱ ምላጮቹ ይሄዳሉ፣ ስንዴው ይተኛል። እኛ ዘንድ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ይህን ሳስብ ይገርመኛል፤ ለአገሩ ሁሉ በረከት የሆነው ነገር የእሱን ጆሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭደው ነበር ማለት ነው።

ጎባ ሆስፒታል ያየው ሐኪም ነገሩን አላድበሰበሰም። «ግራው ሄዷል። ቀኙን ከፈለጉት ከዚያ ማሽን ይውረዱ» አለው። ዘይነዲን ቀኙን ፈለገው። ወረደ፤ አንዲት ነጭ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዝቶ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሳነቴ፣ ከሳነቴ ሃረና ሰው ማመላለስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር አለ። በእኛ አገር ሾፌር የሚቀመጠው በግራ ነው። ስለዚህ ለዘይነዲን የቀረችለት ጆሮ በጋቢናው ወንበር በኩል ያለችው ናት፤ በዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ሚስቱ መሪየም። የሞተው ጆሮ በመስኮቱ በኩል፣ ሕያው ጆሮ በሚስቱ በኩል! ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣

«አላህ ያለ ነገር አያደርግም» አለ።

መሪየም ከጓዳ ሆና መለሰች። «ያለ ነገርማ አይደለም። እኔ በግራ ብቀመጥ ኖሮ እስከ ዛሬ ስሜንም አያውቀውም ነበር።»

ይህን ያህል የማውቀው ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር ነው። ግቢው ሮቤ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ይገኛል። አራት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ዙሀይራ ጎባ ኮሌጅ ትማራለች፤ ትንንሾቹ በቴሌቪዥኑ ይጣላሉ። የእህት ልጆች ከጊኒር ለትምህርት መጥተው እዚያው ይኖራሉ። በሩ ላይ ደግሞ ማር ፈላጊ አይጠፋም፤ መሪየም የተወለደችው ሪራ ነው፣ ከሳነቴ ባሻገር ሃረና ጫካ ውስጥ። በየቅዳሜው ከባሏ ጋር ወደዚያ ትወርዳለች፤ ወንድሞቿ ከጫካ የቆረጡትን ማር በጀሪካን ይዛ ትመለሳለች።

ቅዳሜ ግን የማር ቀን ብቻ አልነበረም። እቤት ውስጥ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩበት ቦታ የለም። በሹክሹክታ ቢነገር እሱ አይሰማም፤ ጮክ ተብሎ ቢነገር ግቢው በሙሉ ይሰማል። ስለዚህ የልጆቹ ነገር፣ የዘመዱ ነገር፣ የሆድ ነገር ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ይጠራቀምና ቅዳሜ ጠዋት ጋቢና ይገባል። ከጣሪያው ላይ ያለው የጣውላ ፖርቶመጋላ እየተንኳኳ፣ መሪየም ከእሱ በላይ ጮክ እያለች፣ ሮቤ የተጀመረው ወሬ ሪራ ያልቃል። የእነዚህ ሰዎች ትዳር፣ ዋናው ትዳር፣ የሚኖረው መኪና ውስጥ ነበር።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ እሸቴ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ ግቢው መጣ። የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ሳይክል ላይ ነው ያደገው። ሮቤ ተመድቦ ሲመጣ ልብሱንና ሳይክሉን ይዞ መጣ፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን አሳመነ። አንዷ ፋናዬ ናት፤ ጤና ታስተምራለች፤ ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ናት ይባላል።

«ጋሽ ዘይነዲን» አለ እሸቴ፤ «ቅዳሜ አራት ሰውና አራት ሳይክል ሳነቴ ያወጡልናል? ከላይ እስከ ሪራ በሳይክል እንወርዳለን። ሪራ ይጠብቁንና ይመልሱናል።»

«ወጥታችሁ ልትወርዱ ነው?»

«አዎ።»

«ውጡ ብሎ ያስገደዳችሁ አለ?»

«ማንም የለም።»

ዘይነዲን ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን። በግ ጭኛለሁ፣ ፍሪጅ ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ። ሳይክል ምን ይለኛል?»

ሳይክሎቹን በግ እንደሚጭነው ጫናቸው። ፖርቶመጋላው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አጋድሞ፣ በገመድ ጠፍሮ አሰራቸው። ሳነቴ ላይ ሲወርዱ የአንዱ ፔዳል በሌላው ጎማ ውስጥ ገብቷል፤ የእሸቴ ቀለም ተልጧል፤ የፋናዬ ቸርኬ እንደ ቆሎ ማሰሮ ክዳን ተጣሟል። እሸቴ ሳይክሉን እንደታመመ ጥጃ እየደባበሰ፣

«ጋሽ ዘይነዲን፣ ሳይክል በግ አይደለም እኮ» አለ።

«እሱስ አዎ» አለ ዘይነዲን ከልቡ አዝኖ። «በግ ቢሆን ይጮህ ነበር፤ አቆም ነበር።»

በሚቀጥለው ሳምንት ፖርቶመጋላው ወረደ። ሳይክሎቹ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የሚቆሙባቸው ሁለት አግዳሚ ብረቶች ያስፈልጉ ነበር፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በጣሪያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጉ። ዘይነዲን በያጁ ጉቱ ዘንድ ሄደ። ጉቱ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ይሠራል፤ ዱሮ የኮምባይነር ምላጭ ሲሰበር የሚጠግነው እሱ ስለነበር ሁለቱ እንደ ወንድማማች ናቸው። ጉቱ የጣሪያውን ጠርዝ የሚነክሱ አራት እግሮች ሠራ፤ በላያቸው ሁለት ወፍራም ቱቦላሬ በብሎን አሰረ።

«በዚህ ላይ ዝሆን ብትጭን አይነቃነቅም» አለ ብረቱን በመዶሻ እየመታ።

አልተነቃነቀም። እውነቱን ለመናገር ሳይክሎቹ እንደ ወታደር ቆመው ሄዱ። ችግሩ ሌላ ነበር።

ሳነቴ ከፍ ያለ ደጋ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻ እዚህም እዚያም፣ ቀጠሮ እንደጠፋበት ሰው፣ ለብቻው ቆሞ ይታያል። ነፋሱን የሚያቆመው ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን የጉቱን ቱቦላሬ አገኘ። ሳይክሎቹ ወርደው፣ አራቱ መምህራን ከኋላ ቀርተው፣ ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ሜዳውን መሻገር ሲጀምሩ ባዶው ብረት በመጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ ጮኸ። የብረቱ ፊት ጠፍጣፋ ነው፤ ነፋሱ ይጋጭበትና ከኋላው ይተራመሳል። ያ ጩኸት በጣሪያው በኩል ወርዶ ጋቢናውን ሞላው። ዘይነዲን የሚስቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል፤ የሚሰማው ግን ኮምባይነሩን ነው።

«ምን አልሽ?» ይላል።

ትደግመዋለች።

«ምን?»

እንዲህ ሆነው ሪራ ደረሱ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪየም ገና እየጮኸች ነበር፤ የወንድሟ ልጆች ደንግጠው ከቤት ወጡ። እሷ ሻሿን አስተካከለችና ድምጿን አወረደች። በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነው የሚጠራሩት።

«አባ ዙሀይራ፣ ይኸ ብረት ካልተነሳ እኔ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምመጣው።»

«በአውቶቡስ? ከዶሮና ከጆንያ ጋር?»

«ዶሮዋ ብትሆን ትሰማኛለች።»

«ሃዳ ዙሀይራ፣ ሳይክሉን ልተወው እንዴ?»

«ሳይክሉን ማን ተው አለህ? ልጆቹ ሲወርዱ ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ ያቺ ፋናዬማ እንደ ወፍ ናት። እኔ ያልኩት ብረቱን ነው።» ከዚያ ቀረብ ብላ ወደ ቀኝ ጆሮው ተናገረች። «የዚያ ልጅ የለሚ ቤተሰቦች ለዙሀይራ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ረመዳን ሳይገባ መልስ ይፈልጋሉ። ልጅቷ የነገረችኝ ነገር አለ፤ እሱን ለማን ልንገር? እቤት ነው የምነግርህ፣ እሷ በር ላይ ቆማ እየሰማች? እዚህ ነው፣ ወንድሞቼ መሀል? መንገድ ላይ እንዳልነግርህ ደግሞ ቱቦላሬህ አለ።»

ዘይነዲን ደነገጠ። ኋላ ሲነግረኝ፣ ሐኪሙ ግራው ሄዷል ባለው ቀን እንኳ እንደዚያ አልደነገጠም። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ያን ጊዜ የሄደው ጆሮ ነው» አለኝ፤ «አሁን ሊሄድ የነበረው የሚሰማው ነገር ነው።»

ለእሸቴ ነገረው። እሸቴ፣ ባሕር ዳር አንድ የውጭ አገር ሰው መኪና ላይ ያየው ትዝ አለው፦ እንደ ክንፍ የተሠራ አግዳሚ፣ በአንድ ጎኑ ደንደን ያለ፣ በሌላው እየሳሳ የሚሄድ፣ ነፋሱ ሳይጋጭ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት። «አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም» አለ። ዘይነዲን ለሌላ ሰው አላመነውም፤ ሳምንቱን ሳይጨርስ አዲስ አበባ ገባ።

ሶማሌ ተራ የተገነጠሉ መኪኖች ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ሰርክአዲስ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጣሪያ አግዳሚዎች ተደርድረው አገኘ፦ ክብ ቱቦ፣ አራት ማዕዘን፣ እንቁላል መሰል፣ ክንፍ መሰል። ሌላ ሰው ቢሆን ክብደቱን ያያል፣ ዝገቱን ይፈትሻል። ዘይነዲን ምን አደረገ? አንዱን አነሳና፣ ጫፉን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደ ዱላ በቀኝ ጆሮው አጠገብ በኃይል አወናጨፈው። ቆም ብሎ አሰበ። ሁለተኛውን አነሳ። መንገደኛ ሸሸ።

«አባቴ፣ ከማን ጋር ሊጣሉ ነው?» አለች ሰርክአዲስ።

«ከነፋስ ጋር።»

«ለነፋሱ አዘንኩለት። ዕቃዬን ግን አይስበሩብኝ።»

«አራት ማዕዘኑ ይጮሃል» አለ ዘይነዲን፣ እንደ ሐኪም ተመስጦ። «ክቡ ያፏጫል። እንቁላሉ ትንሽ ያጉረመርማል።» ክንፍ መሰሉን አወናጨፈ። ደግሞ አወናጨፈው። ፊቱ በራ። «ይኸ ዝም ይላል!»

«ዝም የሚል ዕቃ የሚመርጥ ደንበኛ ዛሬ ገና አየሁ። ሁሉም የሚጠይቀኝ የሚጮህ ስፒከር ነው።»

«የቱ ነው ፊቱ?»

ሰርክአዲስ አገላብጣ አየችው። ምልክት የነበረበት ቦታ ተፍቋል። «እኔ ተገንጥሎ ነው የመጣልኝ። ፊትና ኋላውን እዚያው ትደርሱበታላችሁ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስሰማ የሳቅሁትን ያህል ተገርሜአለሁ። ዘይነዲን ሁለቱን የአሉሚኒየም አግዳሚዎች በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ሮቤ አገባቸው። ከጉቱ ደጅ ሲደርስ ግን የቱ ጎን ወደ ፊት እንደሚሆን ለጥያቄ እንኳ አልቀረበም። ኮምባይነር ላይ ያረጀ ሰውና ምላጭ ሲጠግን የኖረ ሰው ናቸው። ስል ነገር ፊት ይቀድማል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያዩት ያንን ነው።

«ምላጩ ከፊት» አለ ጉቱ።

«ምላጩ ከፊት» አለ ዘይነዲን። «ስንዴ አጨድን፤ ነፋስ አናጭድም?»

እሸቴም እዚያ ነበር። የአውሮፕላን አፍንጫ ሹል ነው ብሎ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ሦስቱም ተስማምተው፣ ስሱን ጠርዝ ወደ ሳነቴ አዙረው፣ ዳዶውን ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

ቅዳሜ ጠዋት መሪየም ባዶ ጀሪካኖቿን ከኋላ አስገብታ ጋቢና ስትገባ አየኋት። በሩን ሳትዘጋ ጣቷን ቀሰረች።

«ዛሬ ብቻ። ከጮኸ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የአውቶቡስ ሰው ነኝ።»

«አይጮህም፤ ዋላሂ። በጆሮዬ ነው የመረጥኩት።»

እስከ ጎባ አስፋልቱ ላይ፣ ሳይክሎቹ ከላይ፣ መምህራኑ ከኋላ ሆነው በሰላም ሄዱ። ከጎባ በላይ አቀበቱን ወጡ፤ የጽዱ ዛፍ አለቀ፣ የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፣ ሰማዩ ወረደ። ሜዳው ጫፍ ላይ አራቱ ሳይክሎቻቸውን አወረዱ፤ አንዱም አልተላጠም፣ አንዱም አልተጣመመም። ፋናዬ ቸርኬዋን አሽከርክራ አየችና «ጋሽ ዘይነዲን፣ ዛሬ ሳይክሌ ከእኔ በላይ ተመችቷት መጥታለች» አለችው። ባልና ሚስቱ ቀድመው ሄዱ።

መሪየም ጉሮሮዋን ጠረገች። «የዙሀይራን ነገር...» ብላ ጀመረች።

ያን ጊዜ ከጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን ፉጨት ተነሳ። እንደ ቱቦላሬው አልጮኸም፤ ከዚያ የባሰ ነበር። መርፌ የመሰለ፣ የማያቋርጥ፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ነው። ዘይነዲን ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ፉጨቱ ወፈረ። ጨመረ፤ ቀጠነ። አንገቱን ወደ ሚስቱ ቢያዘነብልም ከቃሏ ፊት ፉጨቱ ጆሮው ይገባል። መሪየም ንግግሯን አቆመች። አልተቆጣችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ዘይነዲን «ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል።

ከመንገዱ ዳር ካሉት ትንንሽ ኩሬዎች አንዷ ጋ ሲደርሱ ክንዱን ነካችው።

«አቁም።»

አቆመ። ወርዳ ነጠላዋን ተከናነበች፤ ነፋሱ ግማሹን ነጠቃት። እሱ ልትናደድ ነው ብሎ ተከተላት። እሷ ግን የምታየው ኩሬውን ነበር። ዝይዎች ዳሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ የእኛ ደጋ ዝይ፣ ክንፉ ውስጥ ሰማያዊ የደበቀው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ነፋሱ አዙረዋል፤ አንዷም ላባ አልተነሳባትም።

«እያቸው እስቲ» አለች።

«ዝይ ናቸው።»

«ዝይ መሆናቸውንማ አውቃለሁ። ለነፋሱ የሰጡት ምኑን ነው?»

ዘይነዲን አየ። «ደረታቸውን።»

«ጅራታቸው የት ነው?»

«ከኋላ።»

«ደረቱ ድንቡሽ ያለው ከፊት፣ ስሱ ጅራት ከኋላ። አንተ ከጣሪያ ላይ ያሰርከው ዝይ ግን ወደ ኋላ ነው የሚበር። ጅራቱን ለነፋስ ሰጥተኸው እንዴት አይጮህ?»

ዘይነዲን ወደ መኪናው ዞረ፤ ወደ ዝይዎቹ ዞረ። ቆቡን አወለቀ።

«ሶማሌ ተራ ስታወናጭፈው እንዴት ነበር የያዝከው?» አለችው።

ባዶ እጁን አነሳና፣ ያችን ሴትዮ ሱቅ በዓይነ ሕሊናው እያየ፣ አየሩን በቀስታ መታ። ስሱ ጠርዝ መዳፉን ስለሚቆርጠው ወደ ራሱ አዙሮት ነበር። ነፋሱን የመታው ደንዳናው ነው።

«ያ ረቢ» አለ። «እጄ ያወቀውን እኔ አላወቅሁትም።»

«ኮምባይነሩ ነዋ። አንተን ከእሱ አወረዱህ እንጂ እሱን ከአንተ ማን ያውርደው?»

መፍቻ ቁልፉን አወጣ። በዚያ ከፍታ ላይ ጎማው ላይ መውጣት ብቻ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጣት ይደነዝዛል። ጉቱ ያጠበቀው ዳዶ ደግሞ ዝሆን ታስቦ የጠበቀ ነው። እሱ ሲፈታ መሪየም ብሎኖቹን በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች ያዘች፤ አንዷን እንኳ ሳነቴ አልበላትም። ሁለተኛውን አግዳሚ ሲያዞሩ አራቱ ሳይክለኞች ደረሱ፤ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ እሸቴ ፍሬን ይዞ።

«ነፋስ ሊያጭድ ነበር» አለች መሪየም፤ «አልደረሰለትም።»

እሸቴ ብረቱን አየ፣ ዝይዎቹን አየ። መሪየም በአገጯ ወደ ኩሬው ስታመለክት ገባው። «እኔም እኮ እሺ ብያለሁ» አለ ግንባሩን እየመታ። ፋናዬ ሳቋ መጥቶ ሳይክሏ ላይ ተደፋች። ከዚያ ቁልቁለቱ ጠራቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ሃረና ጠርዝ ወርደው ጠፉ።

መኪናዋ ተነሳች። ዘይነዲን መሪውን ጨብጦ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ። ምንም የለም። ማርሽ ጨመረ፤ ምንም። ነፋሱ እንደሆነ አለ፤ ጅብራው ይወዛወዛል፣ ሣሩ ተኝቷል፤ ግን ከጣሪያው ላይ ሳይናገር፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ያልፋል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲፈነጠር ሰማ። ባዶዎቹ ጀሪካኖች እርስ በርስ ሲጋጩ ሰማ። የጣውላው ፖርቶመጋላ ይህን ሁሉ ስንት ዓመት ሸፍኖት እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው። መሪየም ስትተነፍስ ሰማ።

«አሁን ንገሪኝ» አላት። «ሳትጮሂ።»

ነገረችው። ዙሀይራ ለሚን አልጠላችውም፤ እንዲያውም ትወደዋለች። የምትፈራው ትምህርቱን ነው። ኮሌጁን ሳልጨርስ ካገባሁ አልጨርሰውም ብላ አልቅሳለች፤ ለአባቷ ግን ለመናገር አፍራለች።



«ታዲያ እስክትጨርስ ይጠብቃላ» አለ ዘይነዲን።

«ሽማግሌዎቹ እሺ ቢሉስ፣ ልጁ ይጠብቃል?»

«እኔ አንቺን ለማግኘት ይህን ሜዳ በእግሬ እየተሻገርኩ ስንት ቅዳሜ ሪራ ወረድኩ? አባትሽ ‹ማሩ ይቆረጥና እናያለን› ይሉኝ ነበር። ማር አያልቅ፣ እኔም አልሰለች።»

«አንተ የሰለቸህ አይመስልም ነበር። እኛ ነን የሰለቸን።»

«ቢሆንም ጠበቅሁ። የሚወዳት ከሆነ እሱም ይጠብቃል፤ ካልጠበቀ ደግሞ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ፍቅሩን እሺ፣ ቀኑን በኋላ እንላቸዋለን።»

መሪየም እጇን ዘርግታ ክንዱን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ወደ መስኮቷ ዞረች፤ ሜዳው እያለቀ ነበር፤ የሃረና ደመና ከጠርዙ በታች እንደ ወተት ተኝቷል።

እዚህ ጋ ነው ዘይነዲን ሌላ ድምፅ የሰማው። ቀጭን ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። መኪናውን አቆመ፣ ወረደ፣ ጎማው ላይ ወጣ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ነካ። ጥብቅ ናቸው። ድምፁም የለም። ተመልሶ ነዳ። ብዙም ሳይሄዱ ያ ነገር እንደገና ጀመረ። ደግሞ አቆመ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?» አለች መሪየም።

«አሁንም ያፏጫል።»

«እኔ የሰማሁት የለም። ምን ዓይነት ነው?»

ዘይነዲን ከንፈሩን አሞጥሙጦ ሞከረው። ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው፣ መጨረሻው ላይ ሳብ አደረገው። መሪየም አፏን በነጠላዋ ከደነች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እሱ እኔ ነኝ» አለች ሳቋ ሲለቃት።

«አንቺ?»

«እኔ። ሪራ ስቃረብ አንጎራጉራለሁ። እናቴ ማር ስታጣራ የምትለው ዜማ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካገባኸኝ ጀምሮ፤ ያቆምኩበት ቅዳሜ የለም።»

ዘይነዲን ይህን በነገረኝ ቁጥር፣ አንድ ሰው ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ይህን ሁሉ ዓመት መንገዱን አብሯት ሲሄድ፣ የሄደው ከማያውቀው ዜማ ጋር ነበር ብሎ ማሰብ ራሴን ያዞረዋል። እሱ ግን አያዝንም። «አሁንማ ገና መጀመሬ ነው» ይላል።

የለሚ ሽማግሌዎች መጥተው ሄደዋል፤ ልጁ እጠብቃለሁ ብሏል፤ ዙሀይራ ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ይዛ ወደ ጎባ ስትወጣ አያታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክሎቹ ከጣሪያው ላይ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ጉቱ ያን ብረት ባየ ቁጥር «ምላጭ ወደ ኋላ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም።

አንድ ያልተስማሙበት ነገር ብቻ አለ። ዘይነዲን በዚያ ቀን ለዚያ ዜማ መኪናውን ሁለት ጊዜ ነው ያቆምኩት ይላል። መሪየም ሦስት ጊዜ ነው ትላለች። ሦስተኛው ከቁልቁለቱ በታች፣ ጫካው ሲጀምር ነው፤ ጎማው ላይ አልወጣም፣ ዳዶም አልነካም። ሞተሩን አጠፋና በቀኝ ጆሮው ወደ እሷ ዞሮ፣ «በይ ከመጀመሪያው» አላት።